በጣሪያ ላይ የሚሠራን ሰው ከፀሐይ ሐሩር ስለ መጠበቅ

ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሚያልፍ ሰው ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ፥ በየቆርቆሮው ክዳን ላይ መጥረጊያና ባልዲ የያዙ ሰዎችን ያያል። አንዱ በአሸንዳ ውስጥ የተከማቸውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዝቃል፤ ሌላው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፤ ሦስተኛው የላላውን ሚስማር እየመታ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሥራው የሚመሰገን ሥራ ነው። ያልተጠረገ አሸንዳ ውሃውን ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ የጭቃውን ግድግዳ ያርሳል፤ ማገሩን ያበሰብሳል። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሞ ለእጥበት የሚጠቀም ቤተሰብም ጣሪያው ካልጸዳ የወፍ ኩስና ጥቀርሻ የተቀላቀለበት ውሃ ይቀበላል። እንግዲህ ጣሪያን ማጽዳት ራሱ የንጽሕና ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። በዚህ ትምህርት የምንናገረው ግን ስለ ጣሪያው ሳይሆን በጣሪያው ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው።

የትምህርቱ ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሙቀት በሰው ላይ ሲበረታ ከጉልበቱ ይልቅ አስቀድሞ ማስተዋሉን ሊያደክመው ይችላል፤ ስለዚህ በጣሪያ ላይ ያለው ሰው ስለ ራሱ ሁኔታ ትክክለኛ ፈራጅ ሊሆን አይችልም። የሥራውን ሰዓት የሚወስን፥ ውሃ የሚያቀርብ፥ ጊዜው ሲደርስም «ውረድ» ብሎ የሚጠራ ሰው በታች መኖር አለበት። ይህም ኀላፊነት በመጀመሪያ የሚወድቀው ሥራውን ባሠራው ሰው ላይ ነው።

1. አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ጣሪያው ስለምን ይግላል?

«አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ሐሩር የቆላ ነገር ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። ይህ ከድሬዳዋ ወይም ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር የሚለካው በጥላ ሥር ነው፤ የጣሪያ ሠራተኛ ደግሞ የሚውለው በጥላ ሥር አይደለም። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች እንሰጣለን።

አንደኛው ምክንያት የፀሐይ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት፥ ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ደመናው ይጋርደናል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ በሚጠራበት ቀን፥ በ6 ሰዓት ገደማ በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባበታል። የጣሪያ ጽዳት የሚበዛውም በዚሁ ወራት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የከተማዪቱ ከፍታ ነው። ከፍታ አየሩን ቀዝቃዛ ቢያደርገውም የፀሐይን ጨረር አይቀንሰውም። እንዲያውም አየሩ ስለሚሳሳ፥ ቆዳንና ዐይንን የሚጎዳው የማይታየው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህ ስሌት በአዲስ አበባ ላይ የሚያርፈው ጨረር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የበረታ ነው። ቀዝቀዝ ያለው ነፋስ ሰውየውን እያታለለው ቆዳው ይቃጠላል።

ሦስተኛው ምክንያት ቆርቆሮው ራሱ ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ከቤቶቿ አብዛኞቹ የሣር ክዳን ነበሩ። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባሕር ማዶ ከባድ ዕቃ ማስመጣት ቀለለ፤ ቆርቆሮም እያደር የከተማው ሕዝብ የተለመደ ክዳን ሆነ። ሣር ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም፤ ብረት ግን ፈጥኖ ይቀበላል፥ ፈጥኖም ይሰጣል። በተለይ የዛገና የጠቆረ ቆርቆሮ በጠራራ ፀሐይ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። የጋለ ብረት 60 ዲግሪ ሲደርስ ባዶ ቆዳን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያስተምር መምህር ከቀትር በኋላ ተማሪዎቹ ስለምን እንደሚያንቀላፉ ያውቃል፤ ከዚያው ቆርቆሮ በላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከላይ ከፀሐይ፥ ከታች ከብረቱ በሁለት እሳት መካከል ይገኛል።

2. አካላችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው?

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰው ሲሠራ ጡንቻዎቹ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫሉ። ይህን ትርፍ ሙቀት አካል በሁለት መንገድ ያስወግደዋል፤ አንደኛ ደሙን ወደ ቆዳ በማብዛት፥ ሁለተኛ ላብ በማውጣት። የሚያቀዘቅዘን የላቡ መውጣት ሳይሆን የላቡ መትነን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ ይህ ሙቀት 8 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ፈጣሪ በቆዳችን ላይ ያኖረው ማቀዝቀዣ ይህን ያህል ኀይል አለው፤ ነገር ግን ውሃ ካላገኘ ይቆማል።

በደጋ አገር አንድ ተጨማሪ ማታለያ አለ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ላቡ ሳይታይ ይተናል። በቆላ የሚሠራ ሰው ልብሱ በላብ ሲርስ አይቶ ውሃ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር በበጋ የሚሠራው ግን ግንባሩ ደርቆ ስለሚያገኘው «አላላበኝም» ይላል። አላላበውም ማለት አይደለም፤ ላቡን ነፋስ ወስዶታል። ስለዚህ የውሃን ፍላጎት በላብ ወይም በጥማት ብቻ መለካት አይገባም። ከዚህ የሚሻል ምልክት ሽንት ነው፤ ቀለሙ እጅግ ቢጫ ሆኖ ከጠቆረና መጠኑ ካነሰ ሰውየው ውሃ አጥሮታል ማለት ነው።

ሙቀቱ ከአካል አቅም በላይ ሲሆን ጉዳቱ በተለያየ ደረጃ ይታያል። ቀላሉ የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ባት ወይም ሆድ ይያዛል። ከዚያ የሚብሰው የሙቀት ድካም ነው፤ ራስ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ ልብ በፍጥነት ይመታል፥ ጉልበት ይከዳል። ከሁሉ የሚከፋው ሐኪሞች የሙቀት ምት የሚሉት ነው፤ የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፥ ሰውየው ይዘባርቃል ወይም ራሱን ይስታል፤ ፈጥኖ ካልተረዳም ይሞታል። በሜዳ ላይ የሚሠራ ገበሬ ራሱ ቢዞርበት ከዛፍ ሥር ቁጭ ይላል። በጣሪያ ላይ ላለ ሰው ግን ቀላሉ ማዞር እንኳ ለሞት ሊያበቃ ይችላል፤ ምክንያቱም ከእርሱ በታች ያለው የጣሪያው ጠርዝ ነው።

3. አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንመልከተው። ከገጠር ከመጣ ገና አንድ ሳምንት ያልሞላው አንድ ጎልማሳ፥ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ የአንድ ግቢ ጣሪያ ለመጥረግ በቁርጥ ዋጋ ተስማማ እንበል። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሷል። መሰላል ሲፈለግ ጊዜው አልፎ ሥራው የተጀመረው በ4 ሰዓት ነው። በ5 ሰዓት ተኩል ባለቤቲቱ ከበረንዳ ሆነው፥ «ልጄ፥ ፀሐዩ በረታ፤ ውረድና ውሃ ጠጣ» አሉት። «እሺ እትዬ፤ ይቺን ጥግ ብቻ ልጨርስ» ሲል መለሰ። በ6 ሰዓት ደግመው ጠሩት፤ አሁን መልሱ አጭርና ቁጣ ያለበት ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ባልዲው ከእጁ አመለጠውና እየተንኳኳ ወደ ግቢው ወረደ፤ እርሱም ያለ ምክንያት ሳቀ። ቀድሞ በሚስማሩ መሥመር ላይ እየተጠነቀቀ ይረግጥ የነበረው ሰው አሁን በቆርቆሮው መካከል ይረማመድ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ሁለት ዐይነት መጨረሻ ሊኖረው ይችላል። ባለቤቲቱ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው» ብለው ወደ ወጥ ቤታቸው ቢመለሱ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚሰሙት የመውደቅ ድምፅ ነው። ጎረቤቱም ተሰብስቦ «አዳልጦት ወደቀ» ይላል፤ ስለ ሙቀቱ የሚያነሣ አይኖርም። ነገር ግን ባለቤቲቱ ከመሰላሉ ሥር ቆመው፥ «ዋጋህ አይነካም፤ የቀረውን ነገ በማለዳ ትጨርሰዋለህ፤ አሁን ባለህበት ቁጭ በል» ቢሉትና የጎረቤት ልጅ ጠርተው መሰላሉን ቢያስይዙ፥ ሰውየው ውሃ በገመድ ተስቦለት ጠጥቶ፥ ማዞሩ ሲለቀው በእግሩ ይወርዳል።

ሁለቱን መጨረሻዎች የለያቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ዋጋህ አይነካም» የሚለው። ሠራተኛው በሐሩር የሚቸኩለው ድፍረት ወይም ስንፍና ስላለበት አይደለም። በቁርጥ የተቀጠረ ሰው ያልጨረሰውን ቀን እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል። ስለዚህ አሠሪው ገና ሲዋዋል ሥራው በሁለት ወይም በሦስት ጠዋት የሚያልቅ መሆኑን፥ ስለ ዕረፍቱም ከዋጋው ምንም እንደማይቀነስ በግልጽ ቢነግረው፥ ከማናቸውም መሣሪያ የበለጠ መከላከያ ሰጠው ማለት ነው።

በታች ያለው ሰው የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ ብሎ ይመልከት፦ የመልስ ማጠርና ያልተለመደ ቁጣ፥ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ፥ ያለ ቦታው መሳቅ ወይም ማውራት፥ የርምጃ መወላገድ፥ «ውረድ» ሲባል አልሰማም ማለት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሥራው ወዲያው መቆም አለበት። ዳሩ ግን ራሱ የዞረበትን ሰው አስቸኩሎ በመሰላል ማውረድ ሌላ አደጋ ነው። አስቀድሞ ከጠርዙ ርቆ ይቀመጥ፤ ራሱንና አንገቱን በውሃ ያርስ፤ ጥቂት ተረጋግቶ መሰላሉ በሰው ተይዞ ይውረድ። ካልቻለ የሚደግፈው ሰው ይውጣለት።

4. ምች ነው ወይስ የሙቀት ምት?

በአገራችን ሰው ፀሐይ መትቶት ሲታመም «ምች መታው» ይባላል። ወዲያው ዳማከሴ ተቀጥፎ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፥ በቡናም ይጠጣል፤ በሽተኛውም እንዲያልበው በጋቢ ይሸፈናል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለቀላል ትኩሳት በዳማከሴ ሲረዱ መኖራቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከጋለ ጣሪያ ላይ ወርዶ የሚዘባርቅ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሕመሙ ሌላ ነው። እርሱን በጋቢ መሸፈን በእሳት ላይ ክዳን መክደን ነው፤ ዳማከሴ እስኪገኝ መጠበቅም ደቂቃዎችን ያባክናል። የትኩሳት ክኒንም ይህን ሙቀት አያወርደውም። ቆዳው ደርቆ ቢገኝም፥ በላብ ቢርስም፥ የማስተዋሉ መናወጥ ብቻ በቂ ምልክት ነው።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ርዳታ የሚከተለው ነው።

ሀ) ወደ ጥላ አግቡት፤ ጫማውንና ወፍራም ልብሱን አውልቁለት።
ለ) በመላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፤ ያለማቋረጥም አራግቡት። የራሰ ነጠላ ብትጠቀሙ እየደጋገማችሁ አርሱት። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንገቱ፥ በብብቱና በብሽሽቱ አኑሩ።
ሐ) ራሱን ከሳተ ወይም ከዘባረቀ ምንም ነገር አታጠጡት፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኙት።
መ) የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907፥ ወይም የአዲስ አበባን የእሳትና አደጋ መከላከያ በ939 ጥሩ። ማቀዝቀዙ አምቡላንስ እስኪመጣ፥ በመንገድም ላይ አይቋረጥ። ከተክለ ሃይማኖት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ ቢሆንም በመጀመሪያ ማቀዝቀዝ፥ ከዚያ ማጓጓዝ የሚለውን ሥርዓት አትርሱ።
ሠ) ሰውየው ከጣሪያ ወድቆ ከሆነ አንገቱንና ጀርባውን አታንቀሳቅሱ፤ ባለበት ጥላ ሥሩለት፤ እዚያው ሳለ አቀዝቅዙት።

ማስተዋሉ ያልተናወጠ፥ ነገር ግን የደከመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን በጥላ ተጋድሞ ውሃ ቀስ እያለ ይጠጣ፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ቢያገኝ ይበልጥ ይጠቅመዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዚያን ቀን ወደ ጣሪያ አይመለስ።

5. አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

ስለ ሰዓት። በበጋና በጸደይ የጣሪያ ሥራ ንጋት ላይ፥ ብርሃኑ ሲገልጥ ተጀምሮ በ4 ሰዓት ቢቆም መልካም ነው። ቆርቆሮው ጤዛ ካለበት እስኪደርቅ መጠበቅ ይገባል፤ እርጥብ ቆርቆሮ ያዳልጣል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሠራተኛው በታች ሆኖ መሣሪያ ቢያጸዳ፥ ሚስማር ቢለቅም፥ ቀለም ቢበጠብጥ ይሻላል። ቆርቆሮው የጋለ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ የእጅህን ጀርባ በቆርቆሮው ላይ አሳርፈህ 5 እስክትቈጥር መታገሥ ካልቻልህ ሥራው ይቁም።

ስለ ውሃ። በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፥ ማለት ሩብ ሊትር ያህል፥ መጠጣት ይገባል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ መጠጣት ይበልጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ግን የደሙን ጨው ስለሚያሳሳ አይደገፍም። ውሃው ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠ ይሁን። ጠላና አረቄ ጥማት የሚቈርጡ ይመስላሉ እንጂ ማስተዋልን ያደክማሉ፤ ከሥራ በፊትም ሆነ በሥራ መካከል አይጠጡ።

ስለ ምግብ። መንገደኛው የሚሰንቀው በሶ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። በውሃ ተበጥብጦ ቁንጥር ጨው ሲገባበት፥ ኀይልንም ውሃንም ጨውንም በአንድ ዋንጫ ይሰጣል።

ስለ ልብስ። ነጣ ያለ፥ ሰፋ ያለ፥ እጅጌው ረጅም የጥጥ ልብስና ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ነጠላ የሚለብስ ሰው ጫፉ ከእግሩ ሥር እንዳይገባ ይታጠቀው። ላብ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ልብስ አይለበስ። ባዶ እግር ይቃጠላል፥ የፕላስቲክ ጫማ ያንሸራትታል፤ የጎማ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይሻላል።

ስለ መልመድ። አካል ሐሩርን የሚለምደው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ፥ ይልቁንም ከብርድ አገር የመጣ ወይም በቅርብ ታሞ የተነሣ፥ በመጀመሪያው ቀን በፀሐይ የሚሠራው የሙሉውን ጊዜ አንድ አምስተኛ ብቻ ይሁን፤ በየቀኑም አንድ አምስተኛ ይጨመርለት። አደጋ ከሚበዛባቸው ቀናት ዋነኞቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ስለ መሰላልና ስለ አረጋገጥ። መሰላሉ 4 ሜትር ወደ ላይ ሲደርስ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ጫፉም ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ። በቆርቆሮው ላይ ሲሄዱ ሚስማሩ በተሰለፈበት፥ ከሥሩ እንጨት ባለበት መሥመር ላይ መርገጥ፥ ወይም ጣውላ ማንጠፍ ይገባል። ብርሃን እንዲያስገባ የተደረገው ግልጽ ፕላስቲክ ክብደት አይችልም፤ አይረገጥም። ከጣሪያው አጠገብ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይታይ። ገመድ በወገብ መታጠቅ ጠቃሚ የሚሆነው ሌላው ጫፉ ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ከታሰረ ነው።

በልደታ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች ተሠርተዋል። ይህም ጥንቃቄውን አያስቀረውም። በፎቅ አናት ላይ ያለው የሲሚንቶ ሰገነት ሙቀቱን እስከ ማታ ይዞ ይቆያል፤ የውሃ ታንከር ለማጠብ የሚወጣ ሠራተኛም እንደ ቆርቆሮው ሠራተኛ ሊጠበቅ ይገባዋል።

6. ስለ ጾም ወራት

ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው፥ ማለት ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው። የረመዳን ጾም ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ በየወቅቱ ይዘዋወራል፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ጾሞች በየካቲት ወር በጥቂት ቀናት ልዩነት ጀምረዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖርበት በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ አካባቢ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። እስከ ቀትር ማዶ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው ላቡን የሚተካበት የለውም።

ጾሙን ማክበር የእምነቱ ጉዳይ ነው፤ ሥራውን ማስተካከል ግን የአሠሪው ነው። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። እንግዲህ ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት የግንቦት ወር ለጣሪያ ሥራ ሁልጊዜ ይተርፋል። የሚጣደፍ ሥራ ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ ይደረግ፤ በረመዳንም እንዲሁ ከዒድ በኋላ። የግድ ከሆነ በማለዳ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራና ይቁም።

7. የሌላው ዓለም ልምድ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባቸው የዐረብ አገሮች መንግሥታቱ ይህን ነገር በሕግ ወስነውታል። በሳዑዲ ዐረቢያ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ፥ በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። በቀጠር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክልከላው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የእነርሱ ሐሩር ከእኛ እጅግ የበረታ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ የሰዓቱ ውሳኔ ለደከመው ሠራተኛ የሚተው አይደለም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ከመጠን ባለፈ ሙቀት ምክንያት በየዓመቱ 22.85 ሚሊዮን የሥራ ላይ ጉዳትና 18,970 ሞት እንደሚደርስ ገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. በጋራ ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ፥ ሙቀትን፥ እርጥበትን፥ ነፋስንና የፀሐይን ጨረር በአንድነት በሚመዝነው መለኪያ ከ20 ዲግሪ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሥራው ውጤት ከ2 እስከ 3 በመቶ እንደሚቀንስ ያስረዳል። እንግዲህ በቀትር ማሠራት ለሠራተኛው አደጋ፥ ለአሠሪውም ኪሳራ ነው።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ሆኖም ሕግ በየግቢው መሰላል ሥር ሊቆም አይችልም። ለአንድ ጠዋት የተጠራው የቀን ሠራተኛ ዘበኛው የጠራው ሰው ኅሊና ነው።

8. ለመምህራን፦ በክፍል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ሁለት እኩል ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች ውሰዱ። አንዱን በጥቀርሻ አጥቁሩት፤ ሁለተኛውን በኖራ ቀቡት። እኩል ውሃ ጨምራችሁ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በፀሐይ ላይ አኑሯቸው፤ ከዚያም የሁለቱን ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ። ተማሪዎቹ የጠቆረና የዛገ ጣሪያ ከጸዳና ከነጣ ጣሪያ የበለጠ ስለምን እንደሚግል፥ ነጭ ልብስም ስለምን እንደሚሻል ይረዳሉ።

ቀጥሎ አንድ ተማሪ ሁለቱን እጆቹን በውሃ ያርስ፤ አንዱን በፕላስቲክ ከረጢት ይሸፍኑለት፥ ሌላውን ያራግቡለት። የትኛው እንደቀዘቀዘ ይናገር። ላብ የሚያቀዝቅዘው ሲተን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦
1) የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ሲሆን የጣሪያ ሠራተኛ በሙቀት ሊጎዳ የሚችለው ስለምን ነው?
2) በደረቅ አየር የሚሠራ ሰው ውሃ እንዳጠረው በምን ያውቃል?
3) በሙቀት ምት የተያዘን ሰው በጋቢ መሸፈን የሚጎዳው ስለምን ነው?
4) በምሳሌው ላይ ባለቤቲቱ አደጋውን የከለከሉት በየትኛው ንግግር ነው?
5) በቤታችሁ ጣሪያ ለማስጠረግ ሰው ቢጠራ ወላጆቻችሁን ምን ትመክራላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎቹ በቤታቸው መልሰው እንዲመጡ ማድረግ ይጠቅማል። ልጅ ያነሣው ጥያቄ አባትን ያሳስባል፤ አባት ያሰበበት ነገር ደግሞ ከመሰላል ሥር የሚቆም ሰው ያስገኛል። ጣሪያው በአንድ ቀን ባይጸዳ በማግሥቱ ይጸዳል፤ ክረምቱም ቢሆን አንድ ጠዋት ይታገሣል። የወደቀን ሰው ግን በማግሥቱ የሚመልሰው የለም።